ቦቴና ብርካ

ሐርጌሳ መሀል ከተማ፣ ሚግ አውሮፕላኑ ሐውልት ላይ ከተሰቀለበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ ገንዘብ መንዛሪዎች በረድፍ ይቀመጣሉ። የሶማሊላንድ ሽልንግ በላስቲክ እየታሰረ እንደ ጡብ ይደረደራል፤ ላዩ ላይ መረብ ይጣልበታል። መቶ ዶላር የመነዘረ ሰው ሽልንጉን በፌስታል አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው።

ከመንዛሪዎቹ መካከል አንዲት እናት የጅግጅጋ ገበያ አማርኛ ይናገራሉ። በዚህ አገር ለእናት እኩያ ሴት «ኤዶ» ይባላል፤ የአባት እህት እንደ ማለት ነው። እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ በየቤቱ እየዞርኩ ሒሳብና እንግሊዝኛ ስለማስጠና «መዓሊን» ይሉኛል፤ መምህር ማለታቸው ነው። ከሐረርጌ ወጥቼ በቶጎ ውጫሌ በኩል እዚህ ገብቼ ጥገኝነት ከጠየቅሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ኤዶ በ1980 ዓ.ም. ሲሸሹ የገቡት ወደ እኔ አገር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የማስጠኛ ገንዘቤን ልመንዝር ሄጄ፣ እንዲህ ተጨዋወትን።

ኤዶ፦ ዛሬ ፊትህ ጥሩ አይደለም መዓሊን። የስደተኞች ቢሮው ደርሰህ ነው የመጣኸው?

እኔ፦ አዎ ኤዶ። እንደ ወትሮው «ጠብቅ» ተብዬ ተመለስኩ። ሦስተኛ አገር ሄዶ መስፈር የሚባለውም በሩ እየጠበበ ነው። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2024 የበጀት ዓመት ከመቶ ሺህ በላይ ስደተኛ አስገብታ ነበር። ለ2026 ከመላው ዓለም የምትቀበለው ቢበዛ 7,500 ነው ተብሏል።

ኤዶ፦ ሰባት ሺህ አምስት መቶ? እኛ ሐርተሼክ ካምፕ ላይ እኮ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ነበርን። አንድ ሜዳ ላይ። የተቀበለችንም ሀብታም አገር አይደለችም። ሰዉ ከ77ቱ ረሃብ ገና አላገገመም፣ ሰሜን በኩል ጦርነት ነበር።

እኔ፦ የወጡት በግንቦት ነበር አይደል?

ኤዶ፦ በግንቦት መጨረሻ። መጋቢት ላይ መንግሥቱና የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ታርቀው፣ አንዱ የሌላውን አማፂ ላይረዳ ተስማምተዋል። የእኛ አማፂ ኤስኤንኤም መጠጊያ ሲያጣ ወደ አገር ቤት ገባ፤ ቡርዖን ግንቦት 19፣ ሐርጌሳን ግንቦት 23 መታ። ከዚያ የዚያድ ባሬ አውሮፕላን መጣ። ከሌላ አገር መጣ እንዳትል። ከዚሁ ከሐርጌሳ ማረፊያ ይነሣል፣ እዚሁ ሐርጌሳ ላይ ይጥላል፣ ተመልሶ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሣል። ቀን ቁጥቋጦ ሥር ተኝተን ሌሊት ሌሊት ሄድን። ትንሿ ልጄ በጀርባዬ፣ ትልቁ በእጄ። ድንበሩን መቼ እንዳለፍን አላውቅም። ያየሁት እሳት ነው፤ እሳቱ ዳር የቆመ ሰው «ኑ፣ እዚህ ሰላም ነው» አለን።

እኔ፦ የራሽን ካርዷን አሁንም ይዘዋታል?

ኤዶ ከመቀመጫቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ሳቡ። በላስቲክ የተጠቀለለች፣ ጠርዟ የተበላ ወፍራም ወረቀት አወጡ። ዙሪያዋን ቁጥር ታትሞባታል፤ ራሽን በተወሰደ ቁጥር አንዱ ይበሳል። ወደ ላይ ሲያነሷት ፀሐይ በቀዳዳዎቹ አልፎ እጃቸው ላይ አረፈ። ሁለት ቁጥሮች ብቻ አልተበሱም።

እኔ፦ እነዚህ ሁለቱስ?

ኤዶ፦ እህሉ ያልመጣባቸው ጊዜያት ናቸው።

እኔ፦ ያኔ ማን አበላችሁ?

ኤዶ፦ ስለ ውሃው ልንገርህ፤ ከእህሉ ይልቅ ውሃው ነገሩን ያስረዳሃል። ሐርተሼክ ወንዝ የለው፣ ምንጭ የለው። ውሃ በቦቴ ነበር የሚመጣው። ነዳጁን፣ ሾፌሩን፣ ጎማውን የሚከፍሉት ሩቅ ያሉ አገሮች ናቸው። አላህ ይስጣቸው፣ ያ ቦቴ ባይኖር አንድም ልጅ አላሳድግም ነበር። ግን ቦቴ ይቀራል። መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ነዳጅ ይጠፋል፣ ገንዘብ አልተለቀቀም ይባላል። ያኔ የቀረን ብርካ ነበር። ብርካን ታውቃለህ፤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ ጉድጓድ። የአገሬው ሰው ለራሱና ለከብቱ ያቆረው ነው። ከሰፈራችን አጠገብ አንዲት ሴት ብርካ ነበራት። ልጄ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ስታየው «ግቢ ቅጂ» አለችኝ። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለሰፈሩ ሁሉ። የዚያን ዓመት በጋው ሳይጋመስ ብርካዋ ደረቀ። ላሞቿን ይዛ ሩቅ ሄደች፤ ሁሉም አልተመለሱም።

እኔ፦ ቦቴው ሲመጣ ለእሷም አልሰጣትም?

ኤዶ፦ ቦቴው ካርድ ላለው ነው። እሷ ካርድ የላትም፤ የአገሬው ሰው ናት። እኔ ስደተኛዋ ተሰልፌ እቀዳለሁ፣ ብርካዋን ያፈሰሰችልኝ ሴት ቆማ ታያለች። ከራሴ ጀሪካን ቀንሼ የሰጠኋት ቀን አለ። ስሰጣት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ከኀፍረት።

እኔ፦ ኤዶ፣ አሁን የነገሩኝ ነገር ስም ወጥቶለታል። ታኅሣሥ 2011 ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ስደተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቋል። 181 አገሮች ደገፉ፤ አሜሪካና ሃንጋሪ ተቃወሙ። እዚያ ላይ ስደተኛውን ብቻ ሳይሆን የተቀበለውንም ሕዝብ መርዳት አለብን ተብሎ ተጽፏል። ያቺን ሴት ማለት ነው። ኢትዮጵያም ከአንድ ወር በኋላ አዋጅ ቁጥር 1110/2011ን አወጣች፤ ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር፣ ልጁን እንዲያስተምር የሚፈቅድ ነው።

ኤዶ፦ 2011? እኛ የገባነው በ1980። እሺ፣ መዘግየቱን ልተወው። ስምምነቱ ያስገድዳል?

እኔ፦ አያስገድድም።

ኤዶ፦ ምኑን ተስማሙ ታዲያ?

እኔ፦ ኃላፊነቱ የሁሉም ነው ብለው ተስማሙ። ማን ስንት ይወስዳል፣ ማን ስንት ይከፍላል የሚለውን አልጻፉትም። በየአራት ዓመቱ ጄኔቫ ይሰበሰቡና እያንዳንዱ በፈቃዱ ቃል ይገባል። በፈረንጆቹ 1951 የወጣው የስደተኞች ኮንቬንሽንም መግቢያው ላይ ጥገኝነት መስጠት በአንዳንድ አገሮች ላይ ከባድ ጫና ሊያሳርፍ ይችላል፣ ያለ ዓለም አቀፍ ትብብር መፍትሔ አይገኝለትም ይላል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ስለ ድርሻ አንድ አንቀጽ አያገኙም። በሩ ላይ የቆመን ሰው መልሰህ ወደ እሳት አትጣል የሚለው ሕግ ጠንካራ ነው። በሩ የማን እንደሚሆን የሚወስነው ግን መልክዓ ምድር ነው። ሰው በእግሩ የሚደርሰው ጎረቤት ዘንድ ነውና፣ ሸክሙ የጎረቤት ሆኖ ይቀራል። ዛሬም ከዓለም ስደተኞች ከመቶ ሰባው በላይ ያሉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ኤዶ፦ «ሸክም» አትበል።

እኔ፦ ይቅርታ ኤዶ። በየወረቀቱ የሚጻፈው እንደዚያ ነው።

ኤዶ፦ እኔ ሸክም አልነበርኩም። ሁለት ዓመት ራሽን ጠበቅሁ፣ ከዚያ ጨርቅ ነገድኩ። ሐርተሼክን አታውቃትም፤ ድንኳኑ መሀል ገበያ በቀለ። ልብሱ፣ ቴፑ፣ ሽቶው፤ ከድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ሊገዙ ይመጡ ነበር። አማርኛውን የተማርኩት በዚያ ነው፣ ዋጋ ስከራከር። ዛፉን ግን ጨረስነው። ስንመጣ የግራር ጥላ ነበረ፣ ስንሄድ አፈር ብቻ። ይህንን አልክድም። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፍ ብዬ ነው፤ የበላነውንም ያመጣነውንም።

እኔ፦ እሺ። ነገር ግን ክፍፍሉ ላይ ልመለስ። እኛ አገር እድር አለ። ሰው ሳይሞት በፊት ነው ወር በወር የሚዋጣው። ሰው የሞተ ዕለት ማንም ሰብሳቢውን «ዛሬ ስንት ልስጥ» አይለውም፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ቀሪው ይቀጣል። የዓለም የስደተኞች ነገር የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሰው ይሞታል፣ ከዚያ መዋጮ ይለመናል። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚባለው ገንዘቡን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚያገኘው በፈቃድ ከሚሰጥ ነው፣ አብዛኛውን የሚሰጡትም መንግሥታት ናቸው፤ ከተመደበ መዋጮ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የአንድ አገር ምርጫ ውጤት ሲቀየር፣ እዚህ ቦቴው ይቀራል። በ2018 መጀመሪያ ላይ እንኳ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ስደተኞች ራሽን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ ዝቅ ብሏል። ስደተኛው አልቀነሰም፤ ገንዘቡ ነው የቀነሰው።

ኤዶ፦ እኛ ዘንድም አለ፤ መግ ይባላል፣ የደም ካሳ። የእኛ ወገን ሰው ከገደለ መቶ ግመል ይከፈላል። ገዳዩ ብቻውን መቶ ግመል ከየት ያመጣል? ስለዚህ አብሮ የሚከፍለው ወገን አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ ድርሻውም የታወቀ ነው። «እኔ ያን ቀን አልነበርኩም፣ ሰውዬውንም አላውቀውም» ብሎ የሚያመልጥ የለም። ሽማግሌዎቹ የሚከራከሩት ግመሉ እንዴት እንደሚመጣ ነው እንጂ ይከፈል አይከፈል ብለው አይደለም።

እኔ፦ ከእድሩም ይጠነክራል ይህ። ምክንያቱም ጥፋትም አለበት። ሶማሌን ያስታጠቀ ማን ነበር? መጀመሪያ ሶቪየት፣ ቀጥሎ አሜሪካ። ሐርጌሳን የደበደበው ሚግ ሞቃዲሾ የተሠራ አይደለም። መሣሪያውን የሸጠ አገር፣ ሰዉ ሲሸሽ «ሩቅ ነኝ፣ አልደረሰብኝም» ማለት የለበትም።

ኤዶ፦ ግን ልጄ፣ እኛም ንጹሕ አይደለንም። ስደተኛ ተቀባይ ሆነን ያደረግነውን ልንገርህ። የኦጋዴን ጦርነት እንዳለቀ፣ በ1970ና ከዚያ በኋላ፣ ከእናንተ አገር የመጣው ሰው ወደዚህ ጎረፈ። እዚሁ ሐርጌሳ አቅራቢያ ሰባዓድ የሚባል ካምፕ ነበር፤ ወተት እንሸጥ ነበር እዚያ። መንግሥት ስደተኛው ከሚሊዮን በላይ ነው ይላል፣ ረጂዎቹ አይደለም ይላሉ፤ በመጨረሻ ሰባት መቶ ሺህ በሚል ቁጥር ሥራቸውን ቀጠሉ። እህል በራስ ቁጥር ስለሚመጣ ሰው መቆጠሪያ ሆነ። ያም ሳያንስ ዚያድ ባሬ ከስደተኛው ወጣቱን መሣሪያ አስይዞ በእኛው ላይ አሰለፈው። እንግዳን ተቀብለህ ጠመንጃ ስትሰጠው እንግዳም ጎረቤትም አይሆንም። ኃላፊነት ተካፈልኩ የሚል መንግሥት ሁሉ ስደተኛውን ለምን እንደሚፈልገው መጠየቅ አለበት።

እኔ፦ ይህንን አላውቅም ነበር። ስለዚህ አንድ ጊዜ እኛ ወደ እናንተ፣ አንድ ጊዜ እናንተ ወደ እኛ።

ኤዶ፦ ባሕሩንም ጨምር። ሞቃዲሾ ከፈረሰች በኋላ የእኛ ሰው በጀልባ የመን ይሻገር ነበር። የመን ድሃ ናት፣ ግን ሶማሌ ነኝ ያለውን ሁሉ በስደተኛነት ትቀበል ነበር፤ አንድ በአንድ «አስረዳ» አትልም። መጋቢት 2007 ላይ እዚያ ጦርነቱ ሲፋፋም ጀልባው ፊቱን አዙሮ በርበራ ገባ። ዛሬ እዚህ ከተማ መንዲ የሚባለውን ምግብ የሚሸጡልህ የመናውያን እነሱ ናቸው። ተራ ነው መዓሊን። ብድር በምድር ትሉ የለም?

እኔ፦ እላለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም ኤዶ። ተራ የሚደርሰው ጎረቤት ለጎረቤት ነው። ሶማሌ፣ ኢትዮጵያ፣ የመን፣ ጅቡቲ እየተቀባበልን እንኖራለን፣ ድሃ ከድሃ ይበደራል። ተራ የማይደርሰው ሀብታም ግን ምን አስጨንቆት ያበድራል? በተራ ከተመካን ሩቁን ነፃ ለቀቅነው ማለት ነው።

ኤዶ፦ ሩቁስ ተራ ደርሶት አያውቅም?

እኔ፦ ደርሶታል፣ ልክ ነዎት። ያ ኮንቬንሽን የተጻፈው ለእኛ አልነበረም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤታቸውን ላጡ አውሮፓውያን ነበር። በፈረንጆቹ ከጥር 1951 በፊት በደረሰ ነገር የተሰደደ ብቻ ይል ነበር፤ ገደቡ የተነሣው በ1967 ፕሮቶኮል ነው። ሃንጋሪዎችም ተራቸው ደርሶ ነበር። በፈረንጆቹ 1956 የሶቪየት ታንክ ቡዳፔስት ሲገባ ወደ 200 ሺህ ሰው ኦስትሪያና ዩጎዝላቪያ ገባ። ዓለም ኦስትሪያን «ጎረቤት ነሽና ቻይው» አላላትም። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 180 ሺህ ያህሉን 37 አገሮች ተከፋፈሏቸው። ገንዘብ አይደለም የተከፋፈሉት፤ ሰውን ነው፣ በባቡር፣ በአውሮፕላን። ይህንን ሳስብ ነው የሚቆጨኝ። አይቻልም ሲሉን አምነን ነበር፤ ተችሎ ነበር እኮ።

ኤዶ፦ ሃንጋሪ? ቅድም ተቃወመች ያልከኝ?

እኔ፦ እሷው ናት።

ኤዶ ካርዷን መልሰው በላስቲኳ ጠቀለሉ። አንድ ወጣት መጥቶ ሃያ ዶላር ሰጣቸው፤ ሁለት እስር ሽልንግ ሳይቆጥሩ አቀበሉት፣ እሱም ሳይቆጥር ሄደ።

ኤዶ፦ አሁንስ አውሮፓ ምን ትላለች?

እኔ፦ አሁን በመካከላቸው እንዴት እንደሚካፈሉ አዲስ ሕግ አውጥተዋል፤ ግንቦት 2016 ላይ ጸድቆ ሰኔ 2018 ሥራ ላይ እንዲውል። እስካሁን የነበረው ደብሊን የሚሉት ደንብ ነው፤ በአብዛኛው ስደተኛው መጀመሪያ የረገጠው አገር ይቻለው የሚል። ስለዚህ ጣሊያንና ግሪክ ይጮሁ ነበር። በአዲሱ ሕግ አንድ አገር ወይ ሰው ይወስዳል፣ ወይ ለማይወስደው ለእያንዳንዱ ሰው 20,000 ዩሮ ይከፍላል፣ ወይ በሌላ መንገድ ያግዛል።

ኤዶ፦ ሃያ ሺህ። ገንዘቡን ማን ይቀበላል?

እኔ፦ ለተጨናነቁት አገሮችና ለዚሁ ሥራ ይውላል።

ኤዶ፦ እኔ ገንዘብ መንዛሪ ነኝ፣ ገንዘብን አልንቅም። ግን ምንዛሪ የሚሠራው ሁለቱ ነገሮች በዋጋ እኩል ሲሆኑ ነው። ቦታ የሰጠ ሰው ምን እንደሰጠ ታውቃለህ? የትምህርት ቤት ወንበር ሰጥቷል፣ የሆስፒታል አልጋ ሰጥቷል፣ ብርካውን ሰጥቷል፣ ነገም ይሰጣል፣ ከነገ ወዲያም። ገንዘብ የላከ ሰው አንድ ጊዜ ልኮ ይተኛል። ሲፈልግ ይተዋል። ሐርተሼክ ላይ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ፤ ቦቴው ይቀር እንደነበር ነግሬሃለሁ። ብርካው ግን ውሃ እያለው አልተዘጋም።

እኔ፦ ሆኖም ያለ ቦቴው ብርካው አይበቃም ነበር ብለውኛል።

ኤዶ፦ አይበቃም። ለዚያ ነው ሁለቱም ግዴታ መሆን አለባቸው የምልህ። አሁን ግዴታ ያለበት ብርካው ብቻ ነው። ቦቴው ቸር ነው፣ ይመሰገናል። ብርካው አይመሰገንም፤ ቢዘጋ ግን ይወቀሳል።

እኔ፦ መወቀስ ካነሡ፣ እኔም የማነሣው አለኝ። እንዳይቀየሙኝ።

ኤዶ፦ በል።

እኔ፦ ነሐሴ 2004 መጨረሻ ላይ ከዚህ ከሐርጌሳ 56 ኢትዮጵያውያን በግድ ወደ ድንበሩ ተመልሰዋል። ሴቶችና ሕፃናት ነበሩባቸው፤ ጥገኝነት የጠየቁም ነበሩ። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም። ግን እስከ ዛሬ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመኝ እሱን አስባለሁ። ወረቀቴ በመታጠፍ ብዛት መሀሉ ላይ ሊቀደድ ነው፤ በፕላስቲክ አስለብሼዋለሁ። ቤት ስከራይ ያሳየሁት፣ ሐኪም ቤት ያሳየሁት እሱን ነው። ሐርተሼክ የነበረ ሰው እንዴት ይህን ያደርጋል ብዬ እጠይቃለሁ።

ኤዶ፦ ሰምቻለሁ ያኔ። አላስተባብልልህም። ከተማው «ሥራችንን ወሰዱ» ይል ነበር፤ ግንበኛው፣ ቤት ሠራተኛዋ፣ ለማኟ ሁሉ ሐበሻ ነው ይባል ነበር። ሆድ ሲብስ ሰው የራሱን ትናንት ይረሳል። ግን ሌላም ነገር አስብ። ሶማሊላንድ ከ1983 ጀምሮ ራሷን ችላ ቆማለች፤ ምርጫ አላት፣ ፖሊስ አላት፣ የራሷ ብር አላት፣ ይኸው ፊትህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት አባል ግን አይደለችም። ያ ያልከኝ ኮንቬንሽን ላይ መፈረም አትችልም። ጄኔቫ ቃል ሲገባ ወንበር የላትም። ለእኛ የሚሰጠው አብዛኛው ነገር በሶማሊያ ስም ተጽፎ ነው የሚመጣው። እድር ውስጥ ያልገባ ሰው ድንኳን አይተከልለትም አይደል? እኛ ግን ለቀስተኛው ደጃችን ድረስ ይመጣል።

እኔ፦ አለመፈረም ሰውን መልሶ ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ያ ክልከላ የፈረመውንም ያልፈረመውንም ይይዛል ይላሉ የሕግ ሰዎች።

ኤዶ፦ ይያዘን። እኔም ይያዘን ነው የምለው። ግን ግዴታው ሲመጣ አገር ናችሁ፣ እርዳታው ሲመጣ አገር አይደላችሁም መባል ልክ ነው? ስቴት ሀውስ ሰፈር ሂድና እይ። የድሮ የእንግሊዝ ገዥ ግቢ ነበር። ከሐርተሼክ የተመለሰው፣ በድርቅ ከብቱን የጨረሰው፣ ከደቡብ የሸሸው በጨርቅና በቆርቆሮ ተጠጋግቶ ይኖራል። ከአንተም አገር የመጣ አለ። ማንም ለማንም ድርሻ አልቆረጠለትም፤ እየተገፋፉ ቦታ ተሰጣጡ።

እኔ፦ የአፍሪካው ስምምነት ለዚህ የተሻለ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ነው የጸደቀው፣ በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1969። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ይውላል፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። እዚያ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ፣ በማንነቱ የተሳደደ ብቻ ሳይሆን ከጦርነትና ከብጥብጥ የሸሸም ስደተኛ ነው ይላል፤ እርስዎን የመሰለ ሰው ማለት ነው። ሌላው፣ አንድ አገር ስደተኛ መያዝ ካቃተው ሌሎቹን አባላት በቀጥታም በአፍሪካ አንድነት ድርጅት በኩልም መጥራት ይችላል፣ እነሱም በአፍሪካዊ አጋርነት መንፈስ ጫናውን ያቃልሉለት ይላል። አሳቡ እድር ነው። ግን መዝገብ የለውም፣ ሰብሳቢ የለውም፣ ቀሪውን የሚቀጣ የለም።

ኤዶ፦ በዚህ አንቀጽ የተጠራ አገር አለ?

እኔ፦ ጎረቤት ጎረቤቱን ለመጥራት ያፍራል ኤዶ። ሁሉም ወደ ጄኔቫና ወደ ኒው ዮርክ ነው የሚያየው። እኔ የምመኘው ይህ ነው፦ የእያንዳንዱ አገር ድርሻ በሕዝቡ ብዛትና በሀብቱ ልክ ሰው ሳይሰደድ በፊት ይጻፍ። ገንዘቡም፣ የሚወስደው ሰውም። ገንዘቡ የሰውን ቦታ እንዳይተካ ሁለቱ ለየብቻ ይቆጠሩ። እሳት የተነሣ ዕለት ስብሰባ አይጠራ፤ መዝገቡ ይገለጥ።

ኤዶ፦ ስደተኛውንስ ማን ይጠይቀዋል? እንደ ግመል ከፋፍላችሁ፣ ይሄ ወደ ሰሜን ይሂድ፣ ያ ወደ ደቡብ ልትሉት ነው?

እኔ፦ ይህንን ይፈሩታል?

ኤዶ፦ እፈራለሁ። ሐርተሼክ እያለሁ ካናዳ ልውሰድሽ ቢለኝ ሰው አልሄድም ነበር። ሌሊት ሌሊት በነፋሱ የሐርጌሳን ሽታ እፈልግ ነበር። ለእኔ ቅርብ መሆን መድኃኒት ነበር። በ1989 ላይ መመለስ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተጫንኩ፤ ቤቴ ጣሪያ አልነበረውም፣ ግን ግድግዳውን ነካሁት። ካምፑ የተዘጋው በ1996 ነው፤ ሰዉ ተመልሶ እንጂ ተባርሮ አይደለም የለቀቀው። ስለዚህ ድርሻ ስትጽፉ፣ ቅርብ መቆየት የሚፈልገውን ቅርብ አስቀምጡት፣ ቦቴውን ላኩለት። መሄድ የሚፈልገውን ደግሞ እንደ አንተ አሥር ዓመት በር ላይ አታስቀምጡት። ለመሆኑ እንግሊዝ ስደተኞችን ወደ ሩዋንዳ ልትልክ ያለችው ምን ሆነ?

እኔ፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ኅዳር 2016 ላይ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ በኋላ መንግሥት ሲቀየር ቀረ። ያ መካፈል አልነበረም። በሩ ላይ የደረሰን ሰው ከፍሎ ወደ ሌላ በር መስደድ ነው።

ኤዶ፦ እኔም እሱን ነበር የማስበው። በዩክሬን ጦርነት ጊዜ ግን አውሮፓውያኑ ከፈቱ።

እኔ፦ ከፈቱ። የካቲት 2014 ላይ፣ ጦርነቱ በጀመረ በሳምንቱ። ከፈረንጆቹ 2001 ጀምሮ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መመሪያ ነበራቸው፤ አውጥተው ሥራ ላይ አዋሉት፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው መኖሪያና የሥራ ፈቃድ አገኘ። ያየነው መልካም ነገር ስለሆነ ደስ ብሎኛል። ደግሞም አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ምን እንደሚሠራ ያሳያል። መዝገቡ ስለነበረ ነው በሳምንት የቻሉት።

ኤዶ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከአዲሱ መስጊድ ወገን የማይክሮፎን ድምፅ ተሰማ፤ አዛኑ ገና ነው፣ ሰውዬው ጉሮሮውን ያጠራል።

ኤዶ፦ አንድ ነገር ሳልነግርህ እንዳትሄድ። በ2015 የላስ አኖድ ጦርነት ሲነሣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እዚህ አደባባይ ላይ አልናገርም፤ ቁስሉ ትኩስ ነው። ግን መቶ ሺህ ያህል ሰው ሸሽቶ ኢትዮጵያ ገባ። ዶሎ ዞን፣ ቦኽ ወረዳ። እዚያም ወንዝ የለም፤ ድርቁ ዓመታት የቆየበት አገር ነው። ዜናውን ሰምቼ ሌሊቱን አልተኛሁም። «ደግሞ ብርካ ይፈስሳል» አልኩ። የዚያ አገር ሰዎች እኛን ሲያስጠጉን ማን ናችሁ አላሉንም፣ አሁንም አላሉም። ያቺ የብርካ ባለቤት ሞታለች። ልጇ ሐርተሼክ አለች። በየረመዳኑ እልክላታለሁ፣ ከዚህ ከሽልንጉ ትርፍ ላይ። ዘንድሮ ሁለት እጥፍ ላክሁ፤ ግማሹን ለቦኽ ሰዎች አድርሺልኝ ብዬ።

እኔ፦ ስንት እንደሚልኩ አስቀድመው ወስነዋል?

ኤዶ፦ በተመለስኩበት ዓመት ነው የወሰንኩት። ገበያ ቢቀዘቅዝም አይቀነስም። ከቆርቆሮው ውስጥ ለብቻ ነው የማስቀምጠው፤ እዚያ ያለውን እኔ አልቆጥረውም።

አዛኑ ተሰማ። መንዛሪዎቹ አንድ በአንድ መቀመጫቸውን ትተው ተነሡ። ኤዶም የቆርቆሮውን ክዳን ገጠሙ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ መረቡን በሽልንጉ ላይ ሳቡት። የሃያውን፣ የሃምሳውን ዶላር የያዘችውን ቦርሳ ግን አልወሰዱም።

ኤዶ፦ እስክሰግድ እዚህች ተቀመጥልኝ መዓሊን። ሰው ከመጣ የዛሬው ምንዛሪ ቅድም የነገርኩህ ነው፣ ስጠው። የብስኩቱን ቆርቆሮ ብቻ ወደ እግርህ ሳበው።

ቆርቆሮውን ወደ እግሬ ሳብኩት። በበርጩማቸው ላይ ተቀመጥኩ።